አሥራ ሰባተኛው መስመር

ሰኞ

ባልደረባችን ጌትነት ከተባረረ ዛሬ ሦስት ሳምንት ሆነው። እኔም ወንበሩ ላይ ከተቀመጥሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ነው፤ በዘንባባዎቹ መሐል ሐይቁ ይታያል፤ ሁላችንም እንመኘው ነበር። እሱ ዕቃውን በፌስታል ይዞ በወጣ በማግስቱ ማንም ሳይቀድመኝ ቦርሳዬን ጣል አደረግሁበት። ለማንም አልተናገርሁም። እዚህም ካልጻፍሁት የት ልጽፈው ነው?

ጠዋት አለቃችን አቶ ታምሩ ሰበሰበን። (ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። ደብተሩ ግን የእኔ ነው።) ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ትልቅ ደንበኛ ትመጣለች፣ መሐንዲስ ናት፣ ወይዘሮ ፀዳለ ትባላለች። «ማብራሪያ የሌለው ዕቃ አልገዛም» ብላዋለች።

የምንሠራው የዌብ ሰርቨር መሞከሪያ ነው። አንድ ድረ ገጽ ስንት ሰው ቢመጣበት እንደሚወድቅ አስቀድሞ ለማወቅ በሺህ የሚቆጠር የውሸት ጎብኚ የሚልክ ፕሮግራም። ስንት እንደሚልክ፣ ወዴት እንደሚልክ፣ መቼ እንደሚያቆም የሚነገረው በአንድ ኮንፊግ ፋይል ነው፤ አርባ አንድ መስመር። የመስመሮቹ ማብራሪያ ግን አራት ገጽ ብቻ ነው፤ እሱም ያረጀ።

«ሐያት፣ አንቺ ትጽፊዋለሽ» አለኝ። «ኮድ ላይ ኤሊ ነሽ፤ ወሬ ላይ ግን አትታሚም።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ለምን እንደምስቅ አላውቅም።

ዕቅድ፦ በቀን ዘጠኝ መስመር። ዛሬ አምስት ጻፍሁ። አንገቴን አመመኝ።

ማክሰኞ

አቶ ታምሩ ጽሑፌን ሰው ሁሉ ባለበት ጮክ ብሎ አነበበው።

«‹የጊዜ ገደብ፦ ይህ መስመር የጊዜ ገደብን ይወስናል።› ሰማችሁ? የጊዜ ገደብ የጊዜ ገደብን ይወስናል! ዳቦ ዳቦ ነው ብለሽ ደግሞ ጨምሪልን።» ቀጠለ፣ እንደገና አነበበ፣ ድምፄን እያስመሰለ። «አባትሽ ጀልባ ሲሸጥ ‹ይኼ መቅዘፊያ ይቀዝፋል› ብሎ ነው የሚያስረክበው?»

አጠገቤ የምትቀመጠው ሜሮን እስክታነባ ሳቀች። ምሳ አብረን የምንበላ ነን።

ክፋቱ ደግሞ እውነቱን ነው። የጻፍሁት ለማንም አይጠቅምም። የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፤ የማያውቅ ሰው አንብቦትም አያውቀውም።

ከሥራ እንደወጣሁ ቤት አልገባሁም፤ አባቴ ዘንድ ሐይቁ ዳር ሄድሁ። የአንዷን ጀልባ ሳንቃዎች ሬንጅ እየቀባ ነበር። ስለ ሳቁ አልነገርሁትም። ዝም ብዬ «አባ፣ አዲስ ጀልባ ለሚወስድ ሰው ምን ትለዋለህ?» አልሁት።

«ምኑን?»

«አያያዙን። ምን ምን እንደሆነ።»

«ምን ምን እንደሆነማ ያውቀዋል፤ ዓይን አለው። እኔ የምነግረው ምን ቢረሳ ምን እንደሚያገኘው ነው። የታችኛዋን ቀዳዳ መክደኛ ቢረሳት ከደሴቶቹ ሳይደርስ እግሩ ይርሳል። ገመዷን ቢረሳት ነፋስ ይወስድበታል። ሰው ጀልባ የሚያሰጥመው ባወቀው አይደለም፣ በረሳው ነው።» ብሩሹን ሬንጁ ውስጥ ነከረ። «ምነው፣ ጀልባ ልትገዢ ነው?»

በየመስመሩ ሥር «ቢረሳ» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር። ይኸው ነው። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ስልኬ ላይ ጻፍሁት እንዳልረሳው።

ረቡዕ

ጠዋት የጻፍሁትን ሁሉ ሰርዤ ከአንደኛው መስመር ጀመርሁ። እየገመትሁ መጻፍ አቆምሁ። አንድ መስመር ባዶ አደርጋለሁ፣ ፕሮግራሙን አስነሣለሁ፣ የሆነውን እጽፋለሁ።

ስድስት፣ የጎብኚ ብዛት፦ ቢረሳ አንድ ብቻ ይልካል። ማንንም አይጎዳም።
ዘጠኝ፣ የጊዜ ገደብ፦ ቢረሳ መልስ እስኪመጣ ይጠብቃል። ሰርቨሩ ከሞተ ለዘላለም ይጠብቃል።
አሥራ ሁለት፣ የውጤት ማስቀመጫ፦ ቢረሳ ሥራውን ጨርሶ ውጤቱን ይጥለዋል። አንድ ሰዓት ሠርተህ ባዶ እጅህን ትቀራለህ። ይኼን ማንም አልጻፈውም ነበር! በአራት ዓመት! ደስ አለኝ፤ ብቻዬን ፈገግ አልሁ።

ከዚያ አሥራ ሰባት ላይ ደረስሁ። ዒላማ ይባላል፤ ጎብኚዎቹ የሚላኩበት የሰርቨር አድራሻ። አሮጌው ማብራሪያ እንዲህ ይላል፦ «ባዶ ከሆነ ፕሮግራሙ አይነሣም።»

ባዶ አደረግሁት። ተነሣ።

መጀመሪያ የተሳሳትሁ መሰለኝ። ደገምሁት። ተነሣ። ዒላማ ሳይሰጠው መጨረሻ ላይ የላከበትን አድራሻ ራሱ አስታውሶ ወደዚያው ላከ። ደግነቱ መጨረሻ የላክሁት የራሴ ላፕቶፕ ላይ ወዳለው የሙከራ ሰርቨር ነበር።

ሙከራውን አቆምሁት።

ጌትነት የተባረረበትን ቀን ነገር አንድ በአንድ ልጻፈው። ጌትነት የአንድ የግል ክሊኒክን የቀጠሮ ድረ ገጽ ነበር የሚሞክር። ጠዋት በፈቃድ አንድ ጎብኚ ብቻ ልኮ ትክክለኛው ድረ ገጽ መክፈቱን አየ። ከዚያ ለትልቁ ሙከራ ሌሎቹን መስመሮች ሲያስተካክል፣ በስህተት ወደ ክሊኒኩ እንዳይሄድ ብሎ ዒላማውን ባዶ አደረገ። ባዶ ከሆነ አይነሣም ተብሎ ተጽፏልና፣ ጥንቃቄው ያ ነበር። ሃያ ሺህ ጎብኚ ክሊኒኩ ላይ ወረደበት። ግማሽ ቀን ሙሉ ቀጠሮ ማየት የሚችል ጠፋ። ከዋንዛዬ ማዶ ካለ ገጠር እናቷን በቃሬዛ ያመጣች ሴት ስሟ አይታይም ተብላ ደረጃው ላይ ስትጠብቅ እንደዋለች በኋላ ሰምተናል።

ከሰዓት ስብሰባ። ጌትነት «ባዶ አድርጌው ነበር» አለ። አቶ ታምሩ ወደ እኔ ዞረ፦ «ሐያት፣ ባዶ ከሆነ ይነሣል?»

እኔ፦ «አይነሣም።»

አንድ ቃል። አሮጌውን ማብራሪያ አንብቤው ስለነበር በኩራት ነው ያልሁት። በዚያች ቃል ጌትነት ከጥፋተኛም አልፎ ውሸታም ሆነ። ላፕቶፑን እዚያው ተቀበሉት፤ ማታውኑ ውስጡ ያለው ሁሉ ተደመሰሰ ተባለ።

የኮዱን የለውጥ ታሪክ ከፈትሁ። የአሥራ ሰባተኛው መስመር ጠባይ የተቀየረው አደጋው ከመድረሱ ከአራት ቀን በፊት ነው። የቀያሪው ስም፦ ታምሩ። የለውጡ ምክንያት፦ «ትንሽ ማስተካከያ።»

ሐሙስ

አቶ ታምሩ ቢሮ ገባሁ። በሩን ራሱ ዘጋው። የለውጡን ታሪክ አሳየሁት። ይክዳል ብዬ ነበር፤ አልካደም።

«አዎ፣ እኔ ነኝ። አድራሻ ሁልጊዜ መጻፍ ሰለቸን ያለ ደንበኛ ነበር፤ ለሱ ብዬ ቀየርኩት። ለማንም መንገር ረሳሁ።»

«ያን ቀን ግን ያውቁ ነበር። እኔን ሲጠይቁኝ ያውቁ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

ወንበሩ ላይ ደገፍ አለ። «እኔማ ዝም አልኩ። የተናገርሽው አንቺ ነሽ። እስቲ ፍረጂ፤ ከዝም ያለና ከተናገረ ማን ነው ያስባረረው?»

ላፕቶፔን ዘጋሁት። ጥያቄው አሁንም አብሮኝ ነው።

«አሥራ ሰባት ላይ ‹ባዶ መተው ክልክል ነው› ብለሽ ጻፊ። አንድ ቃል እንዳትጨምሪ። አንድ ቃል ብትጨምሪ ያን ቀን ማን ምን እንዳለ እኔም እጨምራለሁ።» ስወጣ ከኋላዬ፦ «ወንበሩስ? ተመችቶሻል አይደል?»

ወጥቼ ጻፍሁ። «ባዶ መተው ክልክል ነው።» የሌሎቹ ሁሉ ሥር «ቢረሳ» አለ፤ የእሱ ሥር የለም። ለሜሮን ልንገራት አስቤ ነበር፤ ሳያት በጆሮዋ ማዳመጫ ሰክታ ትስቃለች። ተውሁት።

ቀኑን ሙሉ ሥራዬ ግን ቀጥ ብሎ ሄደ። ሠላሳ አራት መስመር አለቀ። እንዲህ ባለ ቀን እንዴት ጥሩ ይጻፋል? አፈርሁ።

ዓርብ

ጠዋት የቀሩትን ሰባት መስመሮች ጨርሼ አስረከብሁ። ለጁምዓ ሶላት ከወጣሁ በኋላ በቀጥታ ወደ ቢሮ አልተመለስሁም። በባጃጅ ድልድዩን ተሻግሬ ዓባይ ማዶ ሄድሁ። ጌትነት በሚስቱ ወንድም ፎቶ ኮፒ ቤት እንደሚሠራ ሰምቻለሁ። ማመልከቻ ይተይባል፣ መታወቂያ ኮፒ ያደርጋል። አምስት ዓመት ኮድ የጻፈ ሰው።

ሦስት ሰው ወረፋ ነበር። አየኝ። ደግሞ እንዳላየ ሆነ። ወረፋዬን ጠበቅሁ።

ሲደርሰኝ፦ «ስንት ኮፒ?»

«ጌትነት፣ እኔ ነኝ።»

«አይቻለሁ። ስንት ኮፒ?»

ከኋላዬ የቆሙት ሴትዮ ማመልከቻቸውን ይዘው ይሰሙናል። ፈጠን ብዬ ነገርሁት፤ መስመሩን፣ ለውጡን፣ የማን ስም እንዳለበት። ባዶ አድርገኸው እንደነበር አሁን አውቄያለሁ አልሁት። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር መሰለኝ። ወይም ያለቅሳል። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

«እኔማ አውቀዋለሁ» አለ። «ባዶ ያደረግሁት እኔ፣ እንዴት አላውቀው? ለማወቅ ሦስት ሳምንት የፈጀብሽ አንቺ ነሽ።» ከዚያ ከኋላዬ ላሉት፦ «እናቴ፣ ይምጡ፣ ያምጡት።»

መንገድ ላይ ስደርስ ሚስቱ የሺ ልጇን አዝላ ተከትላኝ መጣች። ውስጥ ሆና ስትሰማ ነበር። ስትናገር ረጋ ያለች ናት፤ ያ ነው ያስፈራኝ።

«አንድ ኮሌጅ ለኮምፒውተር ክፍል ሊቀጥረው ነበር። ፈተናውን አንደኛ ወጥቷል። የሥራ ልምድ ወረቀት አምጣ አሉት፤ አለቃችሁ ‹በቸልተኝነትና ሐሰት በመናገር የተሰናበተ› ብሎ ነው የጻፈለት። እስከ ረቡዕ ሌላ ማስረጃ ካላመጣ ሁለተኛውን ይጠራሉ።»

«ይቅርታ፣ የሺ።»

«ይቅርታውን ለእሱ በይው። እኔ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። ይኼ አሁን ያወራሽው ነገር ይጻፋል ወይስ እንዲሁ ይወራል?»

ይጻፋል አልኋት። ቢሮ ስደርስ ማብራሪያው ታትሞ፣ ተጠርዞ፣ ጠረጴዛው ላይ ተደርድሯል። ሊታረም አይችልም። እውነቱን ልናገር፦ በመጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው።

ቅዳሜ

ወይዘሮ ፀዳለ በጧት አውሮፕላን መጡ። ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ አጭር፣ መነጽራቸው በክር የተንጠለጠለ። አቶ ታምሩ ከታች ካለው ካፌ ማኪያቶ አስመጣ። አልጠጡትም። አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይናገሩ አነበቡ። እኛ ሰባታችን ግድግዳውን ተደግፈን እንደ ተማሪ።

«ጥሩ ተጽፏል» አሉ በመጨረሻ። «ይኼን ‹ቢረሳ› የሚለውን ያሰበው ማን ነው?»

«አሠራሩን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ» አለ አቶ ታምሩ።

አልገረመኝም። እንዲያውም ገና ሊያነሡት ያሉትን ሳላውቅ፣ ይውሰደው፣ ብቻ ይለቅ አልሁ በልቤ።

ገጹን መልሰው ገለጡ። «አርባው መስመር ሥር ‹ቢረሳ› አለ። አሥራ ሰባተኛው ሥር ብቻ የለም። ለምን?»

«ክልክል ስለሆነ ነው። እዚያው ላይ ብለነዋል።»

«ክልክል መሆኑን አንብቤያለሁ። ሰው የሚረሳው የተፈቀደለትን ብቻ አይደለም። ቢረሳ ምን ይሆናል?»

አቶ ታምሩ ወደ እኔ ዞረ። እንደዚያን ቀን፣ በዚያው አዟዟር። «ሐያት ናት የጻፈችው፤ እሷ ትመልስልዎ።»

እሱ የሚፈልገውን እንደምል እርግጠኛ ነበር፤ አንድ ጊዜ ብያለሁና።

«ይነሣል» አልሁ። ድምፄ ቀጥኖ ወጣ፤ ደገምሁት። «ይነሣል። መጨረሻ ወደ ላከበት አድራሻ ይሄዳል። ከሦስት ሳምንት በፊት የክሊኒክ ሰርቨር ጥሎብናል። ባዶ አድርጌው ነበር ያለውን ባልደረባችንን ውሸታም ብለን አባረነዋል። አይነሣም ብዬ የመሰከርሁበት እኔ ነኝ። ሳልሞክር።»

ወይዘሮ ፀዳለ መነጽራቸውን አወለቁ። «የለውጡን ታሪክ አሳዩኝ።»

«ዛሬ ኔትወርኩ…» አለ አቶ ታምሩ።

ጠረጴዛው ላይ የተከፈተው ላፕቶፕ ኔትወርክ እያለው ነው። እሳቸውም ያያሉ። ጥራዙን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ተነሡ። እኔን ቀና ብለው አላዩኝም።

መኪናቸው ከግቢ እንደወጣ አቶ ታምሩ ሁሉንም አሰለፈ። «እዩዋት» አላቸው። «የዓመቱን ሥራችሁን የወሰደችባችሁ ይቺ ናት። አንድ በአንድ እዩዋት።» አዩኝ። ሜሮን መጨረሻ ላይ ነበረች። «ለአንድ ሰው ብለሽ ሰባት ሰው» አለች፤ ቀስ ብላ፣ እኔ ብቻ እንድሰማ።

እሑድ

ምንም አልጻፍሁም፤ ምንም አልሠራሁም። እናቴ ቆሮሶ ዓሣ ጠብሳ ሰጠችኝ፤ ሁለት ጊዜ ጎርሼ ተውሁት። «ሰው ሞቶብሽ ነው?» አለችኝ። የለም አልኋት።

ሰኞ

ወንበሬ ኮሪደር ወጥቷል። ሽንት ቤቱና የአሮጌ ወረቀት መደርደሪያው መሐል። የኮዱ መግቢያ ቁልፌ ተዘግቷል። ሥራ አልሰጠኝም፤ ሂጂም አላለኝም። ከጠዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ባዶ ጠረጴዛ ፊት ተቀመጥሁ። የሚያልፍ ሁሉ ወደ ሽንት ቤት ሲሄድ በላዬ ያልፋል፤ እጁን ሲያራግፍ ውኃው ይረጨኛል። አንዱ ሆን ብሎ ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ «እንብላ» ያለኝ የለም። አራት ዓመት ሙሉ ይኼን ቃል ሳልሰማ የዋልሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ጌትነት ያን ቀን ፌስታሉን ይዞ በዚህ ኮሪደር ሲያልፍ ቀና ብዬ አላየሁትም ነበር። ስልኬን እየነካካሁ ነበር። ስልኩ ላይ ምንም አልነበረም።

ነገ ማክሰኞ ነው። ረቡዕ ደረሰ። የሺን ይጻፋል ብያታለሁ፤ እስካሁን ተወራ እንጂ አልተጻፈም።

ማክሰኞ

አራት ሰዓት ላይ አቶ ታምሩ ጠራኝ። ፊቱ አብጧል፤ ያልተኛ ሰው ፊት። ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው። የወይዘሮ ፀዳለ ደብዳቤ ነው። አጭር።

መሞከሪያውን እንወስዳለን። አሥራ ሰባተኛው መስመር ወደ ቀድሞ ጠባዩ ይመለስ፤ ባዶ ሲሆን አይነሣ። ማብራሪያው መቼ ምን እንደተቀየረና ምን እንዳስከተለ ይግለጽ። ቅዳሜ የመለሰችልኝ ልጅ ትጻፈው፤ ሌላ ሰው የጻፈውን አልቀበልም።

«አንቺን ነው የፈለገችው» አለ። እንደ ስድብ።

«እጽፋለሁ» አልሁ። «መጀመሪያ የጌትነት ወረቀት ይቀየር።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ይኼን ካለፈው ሳምንት ሰኞ እስከ ዛሬ የተማርሁት ይመስለኛል።

«ምን ተብሎ?»

ማታ ጽፌ ይዤው ገብቼ ነበር፦ «አደጋው የደረሰው የፕሮግራሙ ጠባይ ሳይነገረው በመቀየሩ ነው። በወቅቱ የሰጠው ቃል እውነት እንደነበር ተረጋግጧል።» እኔ ስጠብቅ አነበበው፤ ደጋግሞ። አታሚው ላይ አወጣው፣ ፈረመ፣ ማኅተሙን ሲመታ ጠረጴዛው ተናወጠ። ከዚያ ወረቀቱን በእጄ አልሰጠኝም። ወለሉ ላይ ለቀቀው።

«አንሺው።»

በቢሮው የመስተዋት ግድግዳ በኩል ሁሉም ያዩናል። ጎንበስ ብዬ አነሣሁት። እንዳይታጠፍ ተጠንቅቄ ነው ያነሣሁት።

ረቡዕ

ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ዓባይ ማዶ ነበርሁ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ገና መከፈቱ ነው። የሺ በር ላይ ትጠርጋለች። ወረቀቱን ለጌትነት ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው። ተቀምጦ አነበበው።

«ጥሩ ተጽፏል» አለ። «ጥፋት አለ፤ ጥፋተኛ የለም። ማን እንደቀየረው የለም። ‹አይነሣም› ያለው ማን እንደሆነም የለም።»

«ጌትነት፣ ተው፤ ይበቃል» አለች የሺ። «ማኅተም አለው።»

«ውሸታም ሲሉኝ ስሜን ከነአባቴ ነው የጠሩት።» ያየው እኔን ነው እንጂ እሷን አይደለም። «እውነት ነው ሲሉ ግን ማን እንዳለው አይታወቅም።»

ልመልስለት የምችለው ነገር ነበር። ስለ ኮሪደሩ፣ ስለ ወለሉ፣ ስለ ቅዳሜ። አልተናገርሁም። እሱ የጠየቀኝ ስለዚያ አይደለም።

«ኮምፒውተሩን ልጠቀም?» አልሁት።

ከወንበሩ ተነሣ። ተቀምጬ ጻፍሁ። አጭር ነው፦ በስብሰባው ላይ ባዶ ሲሆን ፕሮግራሙ እንደማይነሣ የመሰከርሁት እኔ ነኝ። ሳልሞክር፣ ያረጀ ወረቀት አምኜ ነው። በኋላ ስሞክረው ተነሥቷል። ጠባዩን አደጋው ከመድረሱ ከአራት ቀን በፊት የቀየሩት ሥራ አስኪያጁ መሆናቸው በኮዱ ታሪክ ተመዝግቧል፤ ጥያቄ ያለው ይጠይቀኝ። የባልደረባዬ ቃል እውነት ነበር፤ ሐሰት የነበረው የእኔ ነው።

ጌትነት ከኋላዬ ቆሞ ያነብባል። ትንፋሹን እሰማለሁ።

«ከነአባትሽ» አለኝ።

ከነአባቴ ጻፍሁ። ስልክ ቁጥሬንም ጨመርሁ። ፈረምሁ። ራሱ አተመው፤ ራሱ በፖስታ ከተተው። አመሰግናለሁ አላለኝም። ቢለኝም አላምነውም ነበር።

ኮሌጁ ድረስ ከየሺ ጋር በባጃጅ ሄድን። ልጁ ጭኔ ላይ ተኛ። የመዝገብ ቤቷ ሴት ሁለቱንም ወረቀት አነበበች፤ የእኔን ስታነብ ቀና ብላ አየችኝ፤ በስቴፕለር አያያዘቻቸው። «ትደውልላችኋለች» አለችን፣ የምትደውለው ማን እንደሆነች ሳትነግረን።

ከዚያ ቢሮ ገብቼ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ አሥራ ሰባተኛውን መስመር ጻፍሁ። ቁልፌን መልሰውልኛል። አንድ ገጽ ተኩል ወጣው፤ ከአርባ አንዱ ሁሉ ረጅሙ ነው። ወይዘሮ ፀዳለ ይኼኛውን ሳይቀር ያነቡታል። አቶ ታምሩ በአጠገቤ ሦስት ጊዜ አለፈ፤ አላነበበውም ወይም ያነበበ አልመሰለም። ሥራው ሲያልቅ ምን እንደሚያደርገኝ አውቃለሁ።

አሥር ሰዓት ላይ የሺ ደወለች።

«ነገ ጠዋት ና ብለውታል።»

«ምን አሉት? ተቀበሉት?»

«ና ነው ያሉት። ለምን እንደሆነ አልነገሩትም።»

«እሱስ ምን አለ?»

ከስልኩ ወዲያ ልጁ ያለቅሳል፤ ሌላ ድምፅም አለ፣ ብረት ጨርቅ ላይ ሲሄድ የሚያሰማው።

«እሱማ» አለችኝ፣ «ሸሚዙን እየተኮሰ ነው።»